ወለድና ዋጋ በዘጠነኛ ክፍል
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ወጣቶች ገንዘብን በአግባቡ ይይዙ ዘንድ በትምህርት ቤት መማር ይገባቸዋል በሚለው ሐሳብ የማይስማማ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። የሚያከራክረው ምን እናስተምራቸው የሚለው ነው። በዚህ ረገድ እኔ ራሴ የፈጸምሁትን ስሕተት አስቀድሜ ልናገር።

በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ቁጠባ እንድናገር ተጋብዤ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን መወሰኑን ጠቅሼ፣ ገንዘብ በዚህ ወለድ በ10 ዓመት ከጥቂት ወራት እጥፍ እንደሚሆን በሰሌዳው ላይ አሳየሁ። እኛ መሐንዲሶች ቀመር ስንጽፍ የሚሰማን ኩራት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ እናቴ ለስፌት መኪና መግዣ በባንክ ስታጠራቅም መኪናው በየዓመቱ እየራቃት ሄደ፤ ሒሳቡ የት ላይ ነው የተሳሳተው?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱ በሰሌዳው ላይ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። 30ውን ብቻ ብንወስድ፣ 1,000 ብር በ7 በመቶ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ያገኛል፤ አስቀድሞ በ1,000 ብር ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 1,300 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚሁ ፍጥነት ቢቀጥል ዋጋው እጥፍ ለመሆን ሦስት ዓመት እንኳ አይፈጅበትም። እኔ የሠራሁት ግማሹን ጭነት ብቻ አስልቶ ድልድይ የመዘርጋት ያህል ነበር።

ታዲያ ከየት እንጀምር? በእኔ አስተያየት ከዕቁብ። አሥር ሰዎች በየወሩ 500 ብር ቢጥሉ በየወሩ 5,000 ብር ለአንዱ ይደርሳል። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ያለ ወለድ ተበዳሪ ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የሁለቱ 5,000 ብር አንድ አይደለም። ዋስ ለምን እንደሚጠራ፣ ዕጣ ለምን እንደሚሸጥ ተማሪው ከቤቱ ያውቀዋል፤ የቀረው በቁጥር መጻፍ ነው።

ይህን ማለቴ ልጆቹን ከባንክ ለማራቅ አይደለም። በሣጥን ከተቆለፈ ብር 70 ብር የወለደው ይሻላል።

ወደዚያ ክፍል ተመልሼ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልሁት፤ በአንድ ወገን ወለዱን፣ በሌላው የስፌት መኪናውን ዋጋ ጻፍሁ። ልጅቷ ሒሳቡን ሠርታ ስትጨርስ፣ እናቷ የቀደመ ዕጣ ከሌላ ሰው ቢገዙ እስከ ስንት ብር ቢከፍሉ እንደሚያዋጣቸው ጠየቀችኝ። አብረን ተቀምጠን አሰላነው።