ሕፃን ምስክር ሲሆን

 እኔ እዚሁ አገር በኮሌጅ ተምሬ በአሽዶድ ከተማ በማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛነት የማገለግል እህታችሁ ነኝ። ዛሬ የማነሣላችሁ ነገር በፊልም ውስጥ ብቻ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን ወደ ማንኛችንም ቤት ሊመጣ ይችላል። ይኸውም ወንጀል ያየ ሕፃን ጉዳይ ነው።

መርማሪ ፖሊስ አንድን ሕፃን ከገዳዮች ሲጠብቅ የሚያሳዩ ፊልሞች ብዙ ናቸው። ከታወቁት አንዱ በ1985 የወጣው «ምስክር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ሳሙኤል የሚባል ትንሽ ልጅ ከእናቱ ጋር ከገጠር ወደ ከተማ ይመጣል። ወገኖቹ አሚሽ የሚባሉ፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱ፣ በቤታቸው የራሳቸውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ፈጣሪያቸውን የሚፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ልጁ በፊላደልፊያ ባቡር ጣቢያ ሰው ሲገደል ያያል። በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ሲያይ፣ ምንም ሳይናገር በጣቱ ያመለክታል። ገዳዩ ለካ ራሱ ፖሊስ ኖሯል! መርማሪው ጆን ቡክ ሮጦ አልጮኸም፤ «በል ማልልኝ» ብሎም ልጁን አላስጨነቀውም። የልጁን እጅ በእጁ ሸፈነና ነገሩን ራሱ ተሸከመው።

ልጅ ያየውን ይናገራል፤ ሸክሙን ግን የሚሸከመው ትልቅ ሰው ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

በእውነተኛው ኑሮ ልጅን የሚጠብቀው አንድ ጀግና ሳይሆን ሕግ ነው። በእስራኤል አገር ከ1955 ጀምሮ ሕፃናትን በምስክርነት ጊዜ የሚጠብቅ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ዕድሜው ከ14 ዓመት በታች የሆነ ልጅ የወሲብ ጥቃት ወይም አሳዳጊው ያደረሰው ድብደባ ሲደርስበት፣ ወይም ሲያይ፣ የሚጠይቀው ተራ ፖሊስ አይደለም። የሚጠይቀው በዕብራይስጥ «ሖኬር የላዲም» የሚባል የሕፃናት መርማሪ ነው። ይህ ሰው የሚሠራው ለማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ከልጁ ጋር በረጋ መንፈስ ይነጋገራል፤ ንግግሩም ይቀረጻል። ልጁ ፍርድ ቤት መቆም እንደሚጎዳው ካመነ፣ መርማሪው በልጁ ፈንታ ቀርቦ ይመሰክራል። ልጁ ከበደለው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን አይተያይም ማለት ነው። ተከሳሹም እንዳይበደል፣ በዚህ መንገድ በቀረበ ቃል ብቻ ሰው አይፈረድበትም፤ ሌላ ደጋፊ ማስረጃ ያስፈልጋል።

አንዳንድ ጊዜ መርማሪው ወላጅ ሳያውቅ ልጁን ትምህርት ቤት ሄዶ ያነጋግራል። ይህ የሚሆነው ተጠርጣሪው ከቤት ሰው ሲሆንና ልጁ በፍርሃት ዝም እንዳይል ነው። «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብላችሁ እንደምትደነግጡ አውቃለሁ። ልጅ ቃል ስለ ሰጠ ብቻ ከቤቱ አይወጣም። ልጅን ከቤት አውጥቶ ሌላ ቦታ ማኖር የወጣቶች ፍርድ ቤትን ውሳኔ ይጠይቃል። አስቸኳይ አደጋ ካለ ግን ሕግ ሥልጣን የሰጠው ሠራተኛ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት ሊያወጣው ይችላል።

አሁን ወደ ራሳችን ልምድ እንምጣ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያልን አድገናል። ስለዚህ ልጅ ያየውን ሲነግረን «ዝም በል፣ የትልቅ ሰው ነገር ነው» እንላለን። ቤት ውስጥ ድብደባ ሲኖር ደግሞ ገመናችን እንዳይወጣ ብለን ሽማግሌ እንጠራለን። ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ነው፤ የባልና ሚስት ኩርፊያን፣ የዘመድ ጥልን ያበርዳል። ልጅ ሲጎዳ ግን ሽማግሌ የፖሊስን ቦታ ሊተካ አይችልም። በ1989 በወጣው ሕግ፣ ልጅ በአሳዳጊው መበደሉን የሚያሳምን ምክንያት ያለው ማንኛውም ሰው ለፖሊስ ወይም ለማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ የመናገር ግዴታ አለበት። ሳይናገር የቀረ እስከ 3 ወር እስራት፣ እንደ መምህርና ሐኪም ያለ ባለሙያ ከሆነ ደግሞ እስከ 6 ወር ሊፈረድበት ይችላል።

ሌላም አለ። ልጆቻችን ዕብራይስጥ ከእኛ ቀድመው ይለምዳሉ፤ በባንክም በክሊኒክም አስተርጓሚ እናደርጋቸዋለን። በእንዲህ ያለ ነገር ግን በፍጹም አታድርጓቸው። እናቱ ስትመታ ያየ ልጅ፣ የእናቱን ቃል ለፖሊስ ሲተረጉም ቁስሉን ሁለት ጊዜ ይቆስላል። «አማርኛ የሚችል ትልቅ ሰው አምጡልን» በሉ።

ለመርማሪውም ባህላችንን ንገሩት። ልጃችን በትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክለውና ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው አክብሮት ስለ ተማረ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ውሸት ወይም ድብቅነት ሊመስለው ይችላል።

እንግዲህ ልጃችሁ አንድ ክፉ ነገር ማየቱን ቢነግራችሁ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ አትቆጡ፤ «ስለ ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት።

ሁለተኛ፣ ደጋግማችሁ አትጠይቁት፤ «እገሌ ነው አይደል?» እያላችሁም ቃል በአፉ አታስገቡ። የተጠና ቃል ፍርድ ቤት ፊት ይፈርሳል፤ እውነተኛው ነገር ጭምር አብሮት ይወድቃል።

ሦስተኛ፣ ልጁ በራሱ አንደበት የነገራችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ማስረጃ ሊሆን የሚችል ልብስም አትጠቡ።

አራተኛ፣ ወደ ተጠረጠረው ሰው ሄዳችሁ አትጣሉ፤ ለጎረቤትም አታውሩ። ወሬው ተመልሶ የሚመጣው በልጁ ላይ ነው።

አምስተኛ፣ በዚያው ቀን አመልክቱ። የፖሊስ ስልክ 100 ነው። የማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የስልክ ማዕከል 118 ነው። በኢንተርኔት በኩል ልጅን የሚያስፈራራ ወይም የሚያታልል ሰው ካለ ወደ 105 ደውሉ።

ውድ ወገኖቼ፣ በዚያ ፊልም መጨረሻ ወንጀለኛው መሣሪያ ይዞ እርሻው ድረስ ይመጣል። ሳሙኤል የቤቱን ደወል ይደውላል። ጎረቤቶቹ ከየማሳቸው ባዶ እጃቸውን እየሮጡ መጥተው ቆመው ያዩታል። ወንጀለኛው አንድን ሕፃን ማስፈራራት ይችል ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓይን ግን ሊያጠፋ አልቻለም፤ እጁንም ሰጠ።

በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ደረጃ ላይ የምንኖር ጎረቤቶችም ለልጆቻችን እንዲህ ልንሆንላቸው ይገባል። ልጅ ደወሉን ሲደውል የሚሰማ ጆሮ ይኑረን።