ስለ ዋልያስ ባንድ
(በተማሪዎች ማኅበር የሙዚቃ ምሽት፣ ሐዋሳ ላይ የተነገረ)



ባለፈው ስብሰባችን አንድ ጓደኛችን በ1978 በእንግሊዝ አገር ስለ ተመሠረተው ስለ ባውሃውስ ባንድና ጎቲክ ሮክ ስለሚባለው ጨለም ያለ ሙዚቃ አጀማመር እንዳስረዳን ታስታውሳላችሁ። ንግግሩ እንዳበቃ ከኋላ ወንበር፣ «ለእኛስ መንገድ የከፈተልን ባንድ ማነው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ሁላችንም ዘፋኞችን በስም ጠራን እንጂ ባንድ የጠራ አልተገኘም። ይህ ስላሳፈረን ዛሬ ስለ ዋልያስ ጥቂት ለመናገር ተነሥተናል። ዓመታቱን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዘመናዊው ሙዚቃችን ያደገው በክብር ዘበኛ፣ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በቴአትር ቤቶች ጥላ ሥር ነው። የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ራሱ ገና በልጅነቱ ወደ ጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል የገባ ነው። በኋላ የምሽት ክበቦች ሲስፋፉ ሙዚቀኛው ከሠፈር ወጣ፤ ነገር ግን መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የክበቡ ባለቤት ነበረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቬነስ ክበብ ይጫወቱ የነበሩ ወጣቶች ዋልያስን ሲያቋቁሙ የራሳቸውን መሣሪያ ይዘው ተነሡ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሣሪያው የሌላ የሆነ ሙዚቀኛ የሚጫወተው የታዘዘውን ነው፤ የራሱ የሆነ ግን የሚጫወተውን ይመርጣል።

ከዚያም በአዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ዐሥር ዓመት ለሚያህል ጊዜ ሠሩ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ፣ የመሸበት እንግዳ እስኪነጋ ከዚያው ይቆይ ነበርና ሙዚቀኞችም ከሌሊቱ ጋር ይዘልቁ ነበር።

በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጡ። ዘፋኝ የሌለበት ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፎበታል። በእኛ አገር ልማድ ዘፈን የዘፋኙ ነው፤ ተጫዋቹ አጃቢ ይባላል። በዚህ ሸክላ ግን ዜማውን ኦርጋኑና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያዙት። ከውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዓለምን ዞሯል፤ በአሜሪካ እንደ ኢዘር ኦርኬስትራ ያሉ ባንዶች ተጫውተውታል። እኛም ዜማውን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የማን እንደ ሆነ ግን አልጠየቅንም ነበር።

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ያን ጉዞ ያደረገ የመጀመሪያው ዘመናዊ ባንዳችን እርሱ ነው። ከጉዞው በኋላ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ፣ መላከ ገብሬና ኃይሉ መርጊያ እዚያው ቀሩ፤ የተመለሱት ደግሞ እዚህ ሥራውን ቀጠሉ። ባንዱ በሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ኃይሉ በ1985 አኮርዲዮንን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ፤ ኋላም በዋሺንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ። ሆኖም ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አልለየም፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ እያወጣ ይለማመድ ነበር።

ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ የገዛው አንድ አሜሪካዊ ነው። በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በተከታዩ ዓመት «ቼ በለው»ን አስከተለ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሶ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጣ።

በዚህ ደስ ሊለን ይገባል፤ ነገር ግን ልብ እንበል። ካሴቱ የተገኘው በገዛ ገበያችን ነው። እኛ በአጠገቡ ስናልፍ የኖርነው ዋጋውን ስላላወቅን ነው። በሌሎች ላይ ከመፍረዳችን በፊትም የራሳችንን እንይ። ባለፈው ዓመት ለምሽታችን ባዘጋጀነው የፕሮግራም ወረቀት ላይ የተጻፉት የዘፋኞች ስሞች ብቻ ናቸው። ቤዝ ጊታር የተጫወተው ጓደኛችን ተመርቆ ሄዷል፤ ስሙን ከወረቀታችን ብንፈልግ አጣነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከእንግዲህ በፕሮግራማችን ላይ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ በሣጥን የተቀመጡትን ካሴቶችና ሸክላዎች እንይ፤ በሐዋሳም ሆነ በሌላ ከተማ በሆቴልና በክበብ ይጫወቱ የነበሩ አባቶችንና እናቶችን ማን ምን እንደ ተጫወተ ጠይቀን እንጻፍ። ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ ካለፉ በኋላ የሚመልስልን የለም።