ጥም በማይሰማበት ብርድ

ደጋዋ ሞላሌ ላይ በጠዋት ከሱፍ ባና ውስጥ መውጣት ራሱ ሥራ ነው፤ ውኃ መጠጣት ማን ትዝ ይለዋል? ውኃ ሲያንስ የሚፈጠረው የኩላሊት ጠጠር የቆላ ሰው በሽታ ነው የሚል አለ። እውነት ነው፣ ላብ የሰውነትን ውኃ ይጨርሳል። ደጋም ግን የራሱ መንገድ አለው፤ ብርድ ጥምን ያደበዝዛል፣ ደረቁ የከፍታ አየር ደግሞ በየትንፋሹ እርጥበት ይወስዳል።

ሽንት ውስጥ ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ ሟሙተው ይወጣሉ። አንድ ብርጭቆ ውኃ ላይ ጨው ስንጨምር፣ ስንጨምር፣ የሆነ ጊዜ አልሟሟም ብሎ ከታች ይዘቅጣል። ሽንትም ውኃው ሲያንስ እንዲሁ ነው፤ ንጥረ ነገሮቹ ደቃቅ ክሪስታል ይሆኑና ኩላሊት ውስጥ እየተያያዙ ያድጋሉ። አብዛኛው ጠጠር የካልሲየም ኦክሳሌት ነው። ታዲያ ወተት እንተው? የለም! በምግብ የገባ ካልሲየም ኦክሳሌትን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ይልቅ የሚያሰጋው ጨው ነው፤ ሲበዛ ኩላሊት ካልሲየምን ወደ ሽንት ይለቃል። የሎሚ ሲትሬት ደግሞ ካልሲየሙን ይዞ ክሪስታል እንዳይሆን ያግዳል።

ጠጠር ያጋጠመው ሰው በቀን 2.5 ሊትር ያህል እንዲሸና ሐኪሞች ይመክራሉ። ልብ በሉ፣ የሚለካው የሚወጣው ነው። የልብ ወይም ሌላ የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጿሚዎች ደግሞ ከፈታችሁ በኋላ እስክትተኙ ድረስ አከፋፍላችሁ ጠጡ፤ ሽንት ውኃው የሚያንሰው በተለይ ሌሊት ነውና።