ብቻሽን የምታነሻትን ሞተር ምረጪ



በሐዋሳ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች እንቁላል እየሰበሰብኩ እሸጣለሁ። ከማኅበራችን ተበድሬ ሞተር ልገዛ ስነሣ መንዳት ገና መማሬ ነበር። ወንድሜ «150 ሲሲ ግዢ፣ ጉልበት አላት» አለኝ፤ ገዛሁ። ኮርቻው ላይ ስቀመጥ መሬት የሚነካው የእግሬ ጣት ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጠጠር ላይ ልቆም ስል ተጋደመችብኝ። ማርሚታው ባቴን አቃጠለው፤ መንገደኞች ናቸው ያነሡልኝ። ከዚያ በኋላ ፈራኋት። ሞተሯ ሁለት ወር ግቢ ውስጥ ቆመች፤ ዕዳው ግን አልቆመም። በኪሳራ ሸጥኳት።

ሁለተኛዋን ስመርጥ እግሬን አማከርኩ። 100 ሲሲ ናት፤ ክብደቷም ከአንድ ኩንታል ብዙ አይበልጥም። ሳላስነሣት ተቀመጥኩባት፤ ሁለቱም ተረከዞቼ መሬት ረገጡ። እየገፋሁ አዞርኳት። ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ለጣቴ ይደርሱ እንደሆነ ሞከርኩ። በሻጩ ፈቃድ ቀስ ብዬ አጋደምኳት፤ ጀርባዬን ለኮርቻው ሰጥቼ፣ ቁጢጥ ብዬ በእግሬ ጉልበት አነሣኋት። መለዋወጫዋ ከተማችን ውስጥ መኖሩን መካኒክ ጠየቅሁ፤ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አመሳከርኩ። ከብሩም ለሄልሜት አስቀረሁ።

መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በእሷ ተለማምጄ ነው። ብድሬንም ባለፈው ወር ጨረስኩ።

እኅቶቼ፣ የመጀመሪያዋ ሞተር ለሰው ዓይን አትገዛም። ስትወድቅ ብቻችሁን የምታነሷትን ግዙ።