ሚዛኑ ፊት ስንቆም
(በርዳታ ሥራችን ደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ክርስቲያን በዚህ በሠለጠነ ዓለም እንዴት ይኑር በሚለው ርእስ እንድናገር ስጠየቅ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ ሞባይል ስልክ ወይም ስለ ወጣቶች አለባበስ እንደማነሣ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። እሱን ሌላ ሰው ይናገርበት። እኔ የምናገረው ስለ ሚዛን ነው። ሥራዬ እህል ማደል ነውና፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት የተማርሁት ቃል ከዕለት ሥራዬ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው እዚያ ላይ ነው።

ቃሉ ስለ ሚዛን የሚናገረው ጥቂት አይደለም። ዘሌዋውያን 19፥35-36 እውነተኛ ሚዛንና እውነተኛ መስፈሪያ ያዝዛል። ዘዳግም 25፥13-16 በአንድ ከረጢት ትልቅና ትንሽ ሁለት የሚዛን ድንጋይ መያዝን ይከለክላል። መጽሐፈ ምሳሌም ነገሩን ደጋግሞ ያነሣዋል (11፥1፤ 16፥11፤ 20፥10)። ነቢዩ አሞጽ በ8፥5 የሚወቅሳቸውን ነጋዴዎች ደግሞ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ሰንበትን የሻሩ ሰዎች አልነበሩም። ሱቃቸውን ዘግተው፣ በዓሉ እስኪያልፍ እየቸኮሉም ቢሆን፣ ቀኑን አክብረው ይውሉ ነበር። አምልኮአቸው ሲታይ የጎደለው ነገር የለም፤ የጎደለው መስፈሪያቸው ነው።

በጥንቱ የይሁዳ ምድር በተደረገው ቁፋሮ እነዚህ የሚዛን ድንጋዮች ተገኝተዋል። ከሥራቸው ጠፍጣፋ፣ ከላያቸው ድቡልቡል ሆነው፣ ክብደታቸው በላያቸው ተቀርጾባቸዋል። የአንድ ሰቅል ድንጋይ ክብደት 11 ግራም ከጥቂት ነው። እንግዲህ ከዚህች ትንሽ ድንጋይ ላይ አንድ ግራም ቢፋቅ በዓይን የሚለየው ማን ነው? የእኛም ገበያ ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ጣሳው ከሥሩ ወደ ውስጥ ይቀጠቀጥና ከላይ ሲያዩት ሞልቶ ይታያል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በአገራችን በአስቸኳይ ርዳታ ጊዜ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር ሲታደል የቆየው ልክ 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነው። እህሉ ለ30 ቀን ሲካፈል ለቀን ግማሽ ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከአንድ ሰው ድርሻ ግማሽ ኪሎ የቀነሰ ሰው አንድ የጾም ቀን ፈርዶበታል ማለት ነው፤ ያውም ያልተሳለውን ጾም። ከ1,000 ሰው እንዲሁ ቢቀነስ 5 ኩንታል ይሆናል። 5 ኩንታል ስንዴ ሲጫን ሁላችንም እናየዋለን፤ ግማሽ ኪሎ ሲጎድል ግን የምታየው ያች እናት ብቻ ናት።

እደላውን ላላያችሁ ላስረዳ። ስንዴው የሚመጣው በ50 ኪሎ ጆንያ ነው። ሦስት ጆንያ ለ10 ሰው ይሰጥና ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው በጣሳ ይካፈሉታል። አንዱ ጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ተቀዶ ፈስሶ ከሆነ ጉድለቱ የሚያርፈው መጨረሻ በምትሰፈርላት ላይ ነው። መጨረሻ የምትሰፈርላት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሮጊቷ፣ ወይም ለሰፈሩ እንግዳ የሆነችው ናት። ለመጮኽ አቅም ያላት ቀድማ ተሰፍሮላት ሄዳለች።

በአንድ የቆላ ወረዳ አንዲት አሮጊት ድርሻቸውን ተሸክመው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡ። ሠራተኛው ቁጥሩን ከሚዛኑ ላይ ቢያሳያቸው፣ «ልጄ፣ ቁጥሩን አንተ ታነበዋለህ፤ እኔ የማነበው በጀርባዬ ነው» አሉት። እንደገና ሲመዘን እውነትም ጎደሎ ነበር። ሚዛኑ ጠዋት ሲሰቀል የፈተነው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጣቢያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጀሪካን በሕዝብ ፊት ይመዘናል፤ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በሊትር ተለክቶ 20 ሊትር ውሃ ከተሞላ በኋላ። ልዩነቱ 20 ኪሎ ካልመጣ ሚዛኑ ይወርዳል። ይህን ማንበብ የማይችል ሰውም ያውቀዋል፤ ውሃ ያልተሸከመ የለምና።

ነገር ግን ሁለቱ ድንጋዮች በእህል ማደያ ብቻ የሚገኙ አይምሰላችሁ። በቢሮም አሉ። አንዲት ሴት ዘር ወሰደች፣ የጤና ትምህርት ሰማች፣ ከአዲሱ ቦኖ ውሃ ቀዳች፤ በሪፖርቱ ላይ ሦስት ሰው ሆና ትቆጠራለች። ይህ በእኔ እምነት የተፋቀ ድንጋይ ነው። ከባድ ቢሆንም ልናገረው፤ ይህን ድንጋይ የሚፍቀው የመስክ ሠራተኛው ብቻ አይደለም። ደጋፊው ትልቅ ቁጥር ብቻ ሲያስደስተው ሠራተኛው ትልቅ ቁጥር መፈለግ ይማራል።

ሌላው ድንጋይ የስም ዝርዝሩ ነው። አንዳንድ ምእመናን ገላትያ 6፥10ን ጠቅሰው የእምነት ቤተ ሰዎች ይቅደሙ ይሉናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ጥቅስ የሚጀምረው ለሰው ሁሉ መልካም በማድረግ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንዴው ለተራበ ሰው ተብሎ የተሰጠ አደራ ነው። ለራሳችን ምእመናን ልዩ ስጦታ ልንሰጥ ከወደድን ከራሳችን መባ እንስጥ፤ እሱን የሚከለክል የለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የቀይ መስቀልና የርዳታ ድርጅቶች የሥነ ምግባር ደንብም ርዳታ ዘርና ሃይማኖት ሳይለይ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ደንቡን ያወጡት ሁሉ ክርስቲያኖች አይደሉም፤ ሆኖም በዚህ ነገር ከአንዳንዶቻችን ይልቅ ወደ ደጉ ሳምራዊ ቀርበዋል።

አደራ ሲበላ ምን እንደሚከተል ሁላችንም አይተናል። በ2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት፣ የርዳታ እህል በስፋት ካልተገባው እጅ እየገባ ነው ብለው በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም በመላው አገሪቱ የምግብ እደላ አቆሙ። እደላው በስፋት መቀጠል የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ነው። በመካከል የተራበው እህሉን የሰረቀው ሰው አልነበረም።

ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን አደጋ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ በሚያደርስበት ጊዜ ብቻውን አልያዘውም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥18-21 እንደምናነበው፣ ከቲቶ ጋር አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም እንዲሄድ ተደረገ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝባቸው በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካሙን እንደሚያስቡ ይናገራል። ጳውሎስን የሚጠረጥረው ማን ነበር? እርሱ ግን ቅድስናውን ደረሰኝ አድርጎ አላቀረበም። ዛሬ «እኛ የእግዚአብሔር ሰዎች ነን፤ ኦዲተር ምን ያደርግልናል?» የሚል የቤተ ክርስቲያን መሪ ሲያጋጥመኝ ይህን ክፍል አብረን እንድናነብ እለምነዋለሁ።

ስለዚህ ከእናንተ የምንጠይቀው መዋጮ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ወር እደላ በሚደረግበት ጣቢያ የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ከመካከላችሁ ምረጡልን። ጀሪካኑን ይመዝናሉ፤ ተቀብለው ከሚወጡት መካከል ያገኙትን ሰው ጆንያ ደግመው ይመዝናሉ፤ ያገኙትንም፣ ጉድለትም ቢሆን፣ መጥተው በዚህ መድረክ ይነግሯችኋል። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለጸሐፊዋ ስጡ። መኪናው የሚነሣው ከንጋቱ 11 ሰዓት ነው፤ ጥላና የሚጠጣ ውሃ ያዙ፤ እዚያ ጥላ የሚሆን ዛፍ የለም።