ለትምህርት ሄዶ ስለ መቅረት
(በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል)



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ ትምህርት እንድናገር ታዝዣለሁ። እኔም ከትምህርት ነገር ሁሉ በየቤታችን የገባውን አንዱን መርጫለሁ፤ ይኸውም ልጆቻችን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ ሄደው በዚያው ስለ መቅረታቸው ነው።

ባለፈው ዓመት ከዲያቆናቱ አንዱ ከአሜሪካ ትምህርት ቤት የመጣለትን የመቀበያ ደብዳቤ ይዞ ወደ እኔ መጣ። «የኔታ፣ ይባርኩኝ። ነገር ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። በኤምባሲው ተምረህ ትመለሳለህን ብለው ይጠይቁኛል፤ እኔ ግን በልቤ ልቀር ቈርጫለሁ። ምን ልመልስ?» አለኝ። ያን ቀን ፈጥኜ አልመለስሁለትም።

የዘገየሁበት ምክንያት የራሴ በደል ትዝ ስላለኝ ነው። በልጅነቴ ከጋይንት ተነሥቼ ቅኔ ልማር ወደ ጎጃም ስሄድ እናቴን «አክስቴ ዘንድ ሰንብቼ ለመስቀል እመለሳለሁ» ብዬ ተለየኋት። ለምድ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ፣ ከውሻ ጋር እየታገልሁ ቁራሽ ስለምን ሰባት ዓመት ቈየሁ። በተመለስሁም ጊዜ እናቴ አልተቈጣችኝም፤ «መሄድህስ መልካም ነበረ፤ እውነቱን ብትነግረኝ ግን ስንቅህን ባበዛሁልህ ነበር» አለችኝ እንጂ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ለትምህርት ከአገር መውጣት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የድጓው ተማሪ ወደ ቤተልሔም፣ የዝማሬው ተማሪ ወደ ዙር አባ ከሩቅ አገር ሲመጣ ኖሯል። በይፋግ የተወለዱት አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም በ1905 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ወደ በርሊን ሄደው ቋንቋችንን አስተማሩ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የተላኩትም አብዛኞቹ ይመለሱ ነበር፤ ሥራና ማዕርግ ይጠብቃቸው ነበርና። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ ግን፣ ይልቁንም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የተማረው ወጣት በየመንገዱ ሲወድቅ፣ በውጭ ያለው መመለስን ፈራ። ዛሬም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ልጆቻችን ከደብተራቸው ተለይተዋል። ስለዚህ ሄዶ የሚቀረውን ልንረግመው አይገባንም።

ነገር ግን ስለ ቃሉ ልንጠይቀው ይገባናል። በቅኔ ሰምና ወርቅ አለ። ለብዙ ልጆቻችን ዛሬ ትምህርቱ ሰም፣ መቅረቱ ወርቅ ሆኗል። ባለ ቅኔ ወርቁን የሚሰውረው ሰሚው ፈልጎ እንዲያገኘው ነው፤ በመሐላ ፊት ወርቁን የሚሰውር ሰው ግን ሰሚው ከቶ እንዳያገኘው ነው። ያኛው ጥበብ ነው፤ ይህኛው ሐሰት ነው።

ደግሞም የመንግሥታት ሕግ አንድ ዓይነት አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው በአገሩ የማይተወው መኖሪያ እንዳለው እንዲያስረዳ ያዝዛል። የካናዳ ሕግ ግን በጊዜያዊ ፈቃድ የሚገባ ሰው ኋላ ለዘወትር ለመኖር ማሰቡን አይከለክልም፤ ብቻ የተፈቀደለት ጊዜ ሲያልቅ ለመውጣት የተዘጋጀ መሆን አለበት። በጀርመንም ትምህርቱን የፈጸመ ሥራ እንዲፈልግ እስከ 18 ወር ይፈቀድለታል፤ ለዕውቀቱ የሚገባ ሥራ ያገኘም በዚያው ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ እውነት ተናግሮ የሚገባበት በር ሳለ በሐሰት መግባት ምን ይጠቅማል?

ለዲያቆኑም በሦስተኛው ቀን እንዲህ አልሁት፤ «ልጄ፣ መሄድም መቅረትም በራሱ ኀጢአት አይደለም። ያላሰብኸውን አስቤአለሁ ብለህ ግን አትማል። የምትሄድበትን አገር ሕግ መርምር። ሐሰተኛ ወረቀት ለሚሸጥ ደላላ ብለህ የአባትህን በሬ አታሽጥ። ልትቀር ማሰብህንም ለእናትህ ንገራት።» እርሱም ደብዳቤውን አጥፎ ዝም ብሎ ወጣ። ዘንድሮ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ አመልክቷል፤ እናቱም ሐሳቡን ታውቃለች።

እናንተም ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ እውነቱን ሲነግሯችሁ አትቈጡ። ቍጣችን ነው ሐሰትን የሚያስተምራቸው። ስንቅ የሚበዛው ለተነገረ መንገድ ነው።

የከተማችን ስም ደብረ ታቦር ነው። ጴጥሮስ በዚያ ተራራ ላይ ደስ ባለው ጊዜ በዚያው ሊቀር ወደደ፤ ሦስት ዳስም ሊሠራ አሰበ። መውደዱን ግን አልሸሸገም፤ በልቡ ያለውን በጌታው ፊት ገልጦ ተናገረ። ጌታችንም አልረገመው፤ ነገር ግን ይዟቸው ወረደ። ከተራራው በታች የታመመ ልጅ ያለው አባት ይጠብቅ ነበርና። ልጆቻችንም ወደ ላይ ሲወጡ ከታች የሚጠብቅ እንዳለ አይርሱ፤ ቢቀሩም በእውነት ይቅሩ፤ ቢመለሱም የምትቀበላቸው አገር ትቈያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።