የእሳት ቤቱን በር የሚከፍተው ማን ነው?

(በአምቦ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የቆምነው ስለ አንድ በር ልንናገር ነው። በሩ ትልቅ አይደለም፤ ወርዱ 30፣ ቁመቱም 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በቦይለር እሳት ቤት ግድግዳ ላይ ተገጥሞ ሠራተኛው በቀን ብዙ ጊዜ እየከፈተ ነበልባሉን የሚያይበት፣ አመዱን የሚጎረጉርበት፣ የጡቡን ደኅንነት የሚመረምርበት የመመልከቻ በር ነው። ስለ ቦይለር ስንማር ስለ ቱቦው፣ ስለ ግፊቱና ስለ እንፋሎቱ ብዙ ሰሌዳ ሞልተናል፤ ስለዚህ በር ግን አንድ መስመር እንኳ መጻፋችንን አናስታውስም። ጥፋቱን በመምህሮቻችን ላይ አንጥልም፤ እኛም አልጠየቅንምና።

እንድንጠይቅ ያደረገን ባለፈው ክረምት የደረሰብን ነገር ነው። አራት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚመጣው መንገድ ላይ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ በእንጨት የሚሠራ ቦይለር ልናይ ሄድን። የቤቱን ስም መጥራት ለማንም ስለማይበጅ እንተወዋለን። የእሳት ቤቱ በር ጠምሞ መቀርቀሪያው አልገጥም ስላለ በድንጋይ ተደግፎ ነበር። ከመካከላችን አንዱ፣ ዐዋቂ ለመምሰል ይመስለናል፣ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ በሩን ፊት ለፊት ቆሞ ከፈተው። ነበልባሉ እንደ ምላስ ወጣና ቅንድቡን ላሰው። ዓይኑ መትረፉ የእግዜር ቸርነት ነው።

ቦይለሩን የሚጠብቁት ሽማግሌ ጓደኛችንን ጎትተው ካስቀመጡትና ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ካጠቡለት በኋላ ክንዳቸውን ገልጠው አሳዩን። ከአንጓቸው እስከ ክርናቸው ጠባሳ ነው። «ጋሼ፣ እሳቱን አይፈሩትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ እሳቱንስ ለምጄዋለሁ፤ እኔ የምፈራው በሩን ነው» አሉን። ይህ ንግግር ከዚያ ቃል የተወለደ ነው።

ምናልባት «አምቦ የማዕድን ውኃ አገር እንጂ የቦይለር አገር ናትን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እስቲ አካባቢያችንን እንመልከት። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ፣ በሙገር፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምሥራቅ ጀርመኖች ርዳታ የተቋቋመው የሲሚንቶ ፋብሪካ አለ፤ በዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የዳንጎቴ ሲሚንቶ ፋብሪካም አለ። የሲሚንቶ ምድጃ ድንጋዩን እስከ 1450 ዲግሪ ድረስ ያግላል፤ ይህንንም እሳት በመመልከቻ ቀዳዳ፣ በሰማያዊ የኮባልት መስተዋት የሚያይ ሰው ያስፈልገዋል። በጉደር በኩል አልፈን ጌዶ ላይ ወደ ሰሜን ብንታጠፍ መንገዱ ወደ ፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ያደርሰናል። የስኳር ፋብሪካ ቦይለር የሚነድደው ባጋስ በሚባለው፣ ጭማቂው ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው የአገዳ ገለባ ነው። ገለባው ግማሽ ክብደቱ ያህል እርጥበት ስለሆነ ክምሩ እኩል መንደዱን ሰው በየጊዜው ማየት አለበት። ከዚህ ሁሉ ላይ በየከተማው ያሉትን የዳቦ ምድጃዎች ብንጨምር፣ በእሳት በር ፊት እንጀራውን የሚያገኘው ወገናችን ጥቂት እንዳልሆነ እንረዳለን።

እንዲያውም ከሁሉ የቀደመው የእሳት በር በእናቶቻችን ማድ ቤት ያለው አክንባሎ ነው። የጥንቱ አክንባሎ ከሣር ተሠርቶ በጭቃና በእበት የተለሰነ ነበር። በሣሩ መካከል የታሰረው አየር ሙቀቱን ስለሚከለክለው ምጣዱ እየጋለ የአክንባሎው ጀርባ በእጅ ይያዝ ነበር። ላሜራ ሲመጣ አክንባሎው ጸዳ፣ ቀለለ፣ ዕድሜውም ረዘመ፤ የያዘችውን እጅ ግን ፈጀ። እናቶቻችን አክንባሎ ሲያነሡ በመጀመሪያ ጠርዙን ከፊታቸው ወደ ወዲያ ገለጥ አድርገው እንፋሎቱን እንደሚያስወጡ ሁላችሁም አይታችኋል። የበሩ ትምህርት በሙሉ በዚህ ውስጥ አለ፤ እኛ የምንጨምረው ቁጥሩን ብቻ ነው።

የበሩ ጠላቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ጨረር ነው። ከጋለ አካል የሚወጣው ጨረር ከፍጹም ዜሮ በተቈጠረው ሙቀት በአራተኛው ኃይል መጠን ይጨምራል። ስለዚህ እሳቱ ከ550 ወደ 1100 ዲግሪ ሲወጣ ጨረሩ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ወደ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በ1100 ዲግሪ ከአንድ ካሬ ሜትር ቀዳዳ የሚወጣው እስከ 200 ኪሎ ዋት ይደርሳል። የእኛ በር 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በተከፈተ ቍጥር 24 ኪሎ ዋት ያህል በሠራተኛው ፊትና ደረት ላይ ይለቅቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል ብንል፣ ይህ ሰው በሰባት ምጣድ ሙቀት ፊት ይቆማል ማለት ነው።

ሁለተኛው የአየርና የጋዝ ማለፍ ነው። ጭስ ማውጫው በደንብ ሲስብ በእሳት ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ጥቂት ያነሰ ስለሚሆን፣ በበሩ ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር እየገባ እሳቱን ያበርዳል፤ ማገዶም ያባክናል። ስበቱ ሲደክም ወይም የጭስ መዝጊያው ሳይከፈት ሲቀር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ነበልባሉ በበሩ በኩል ይወጣል። ጓደኛችንን ያገኘው ይኸው ነው። እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ አንርሳ። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ከሦስት አራተኛው ብዙም አይበልጥም። የጭስ ማውጫ ስበትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባሕር ዳር ላለ አገር ታስቦ የተሠራ ቦይለር እዚህ መጥቶ በበሩ ቢያጨስ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሦስተኛው መጥመም ነው። «እሳት ካየው ምን ለየው» ይባላል። ለምግብ እውነት ነው፤ ለብረት ግን እሳት ያየው ፊትና ያላየው ጀርባ በጣም ይለያያሉ። ግማሽ ሜትር ርዝመትና 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ የውስጥ ፊቱ ከውጭ ፊቱ በ100 ዲግሪ ቢበልጥ፣ መካከሉ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ እሳቱ ይጎብጣል። ስንጥቁ በዚህ ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የሚያልፈው ነበልባል ጠርዙን ይበልጥ ያግላል፤ ጠርዙም ይበልጥ ይጠምማል። መጨረሻው ያየነው ድንጋይ ነው።

ከክረምቱ ጉብኝት በኋላ እኛ አራታችን ይህን ሁሉ አስልተን አንድ ንድፍ አወጣን። በሩ በውስጡ 10 ሳንቲ ሜትር እሳት ተከላካይ ልስን፣ በውጭው ወፍራም የብረት ሳህን ነበረው። በጣም ኮራን። ወረቀቱን ይዘን ወደ ሽማግሌው ተመለስንና ዘረጋንላቸው። ዝም ብለው አይተው «ይኸ በር ስንት ኪሎ ነው?» አሉን። ስናሰላው ከ30 ኪሎ በላይ ሆነ። «እና በሰዓት ሁለት ሦስት ጊዜ የሚከፍተው ማን ነው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ደግሞ በስሌታችን የበሩ ውጫዊ ፊት ወደ 300 ዲግሪ ይደርስ ነበር፤ በ70 ዲግሪ የጋለ ብረት እንኳ በአንድ ሰከንድ ገደማ እጅን ያቃጥላል። ለእሳቱ በር ሠርተን ለሰውየው ሳንሠራለት ቀርተናል።

ሁለተኛው ንድፍ የተጀመረው ከእርሳቸው ጥያቄ ነው። ሠራተኛው በሩን የሚከፍተው ለምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ነበልባሉን ለማየት ብቻ ነው። ነጭና አጭር ነበልባል አየር መብዛቱን፣ የጠቆረና የሚያጨስ ነበልባል አየር ማነሱን ይነግረዋል። ለዚህ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ቀዳዳ ትበቃለች። በእርስዋ የሚወጣው ሙቀት 24 ኪሎ ዋት መሆኑ ቀርቶ 400 ዋት ብቻ ይሆናል፤ ስድሳ እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ በትልቁ በር መካከል ትንሿን ቀዳዳ አበጀን፤ ሲለቅቋት በራስዋ ክብደት የምትዘጋ ክዳንም ሰጠናት። መስተዋት ሲፈለግ ተራው መስተዋት ይሰነጠቃል፤ እሳት የሚችል መስተዋት ሆኖ፣ እንዳይጠቁር በፊቱ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት መሆን አለበት። ትልቁ በር አመድ ለማውጣትና ለምርመራ ብቻ ይከፈታል።

ልስኑንም በሁለት ከፈልነው። ወደ እሳቱ የሚያየው ጠንካራው ነው፤ ከጀርባው 5 ሳንቲ ሜትር ሙቀት የሚከለክል ቀላል ነገር ገባ። ይህም እንደ ሣሩ አክንባሎ አየር በውስጡ የያዘ ነው። የውጩ ፊት በስሌታችን ወደ 160 ዲግሪ ወረደ። ይህም ገና ስለሚያቃጥል፣ ከሳህኑ 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ከታችና ከላይ ክፍት የሆነ ስስ ላሜራ ጋረድንበት፤ በመካከሉ የሚወጣው አየር ያቀዘቅዘዋል። እጀታውም ከላሜራው ውጭ ሆነ። የማጠፊያው ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ሆነ፤ ብረቱ ሲሰፋ በሩ በክፈፉ ላይ ራሱ እንዲደላደል ነው። በክፈፉ ቦይ ውስጥ ጓርኒሲዮን የሚሆን የመስተዋት ክር ገመድ ይገባል። አስቤስቶስ ርካሽ ቢሆንም ሳንባን የሚያጠፋ ስለሆነ አንነካውም።

ስለ መቀርቀሪያው ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1905 በአሜሪካ በብሮክተን ከተማ የአንድ ጫማ ፋብሪካ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞቱ። የማሳቹሴትስ ግዛት በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣ፤ የአሜሪካ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም በ1914 የቦይለር ደንቡን አዘጋጀ። ዛሬ በዚያ ደንብ ውስጥ የውኃ ቱቦ ቦይለር የማገዶ በር ወደ ውስጥ የሚከፈት እንዲሆን፣ አለዚያም ከእሳት ቤቱ በሚመጣ ግፊት ተበርግዶ እንዳይከፈት በጠንካራ መቀርቀሪያ እንዲያዝ ታዝዟል። እኛም ባለ ሁለት ደረጃ መቀርቀሪያ አደረግን። መጀመሪያ በሩ ጣት ያህል ብቻ ይለቅቃል፤ ጋዙ ከወጣ በኋላ ሁለተኛው ይፈታል። ማጠፊያውን ያደረግነው ሠራተኛው በሩን ሲከፍት ከጀርባው እንዲሸሸግ በሚያስችል ጎን ነው። እናቶቻችን አክንባሎውን ወደ ወዲያ የሚገልጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ዕቃው ከየት ይመጣል? ካኦሊን የሚባለው ነጭ ሸክላ በጉጂ በቦምቦዋ አለ፤ ቀላልና አየር የያዘው ፑሚስ በስምጥ ሸለቆ በብዛት ይገኛል። በ1980ዎቹ የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከፑሚስ እየተጣለ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከባሕር ማዶ ይምጣ ማለት የስንፍና ምክንያት ነው። ብረት የሚበይዱ ወንድሞቻችንም በየከተማው አሉ። ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብለው የሰደቡት አባቶቻችን አገሪቱን ምን ያህል እንደጎዱ እናውቃለን፤ ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ዛሬ ቡዳ የሚል የለም ብንል እንኳ፣ ከበያጁ ጋር ቁጭ ብሎ ንድፍ መነጋገርን የሚያፍር ተማሪ አለ። በበኩላችን አፍረን እንደነበር እንናዘዛለን።

የማገዶውን ነገር ደግሞ ጎረቤታችን አዲስ ዓለም ታስታውሰናለች። በ1890ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ያሰቡት በአዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀ ነበር፤ ኋላ ግን ባሕር ዛፍ መጥቶ ከተማዋን በቦታዋ አቆማት። በጠመመ በር ስንጥቅ የሚባክነው ሙቀት የባሕር ዛፍ ጭነት ነው፤ የገበሬው መሬትም ነው።

ጓደኞቻችን፤ ንድፉ እነሆ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ፍጹም ነው አንልም፤ ልስኑ በስንት ወር እንደሚሰነጠቅ የሚነግረን አንድ በር ሠርተን በሚነድድ እሳት ላይ ስናቆየው ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። መምህሮቻችን ስሌታችንን ያርሙልን፤ ከእናንተ መካከል ብየዳ የሚችል እጁን ያውጣ፤ ማኅበሩም ለላሜራና ለልስን የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ያዋጣ። በሩ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚከፍቱት እኚያ ሽማግሌ ናቸው። የፈተናችንን ውጤት የሚሰጡንም እርሳቸው ይሆናሉ።

የጓደኛችን ቅንድብ በቅሏል፤ የሽማግሌው ክንድ ግን አይመለስም። ከእንግዲህ የቦይለር ሥዕል በሰሌዳ ላይ ስንሥል በበሩ ፊት አንድ ሰው እንሣል።